ስንት ብንጠይቅ ፍትሕ ይሆናል?



ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ እሑድ፣ ቅዳሴ አልቆ ምእመናን ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ አንድ ወጣት ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ይህ ወጣት በቁምስናችን ተጠምቆ ያደገ፣ በገበያው መንገድ ዳር በተከራያት አንዲት ክፍል ከሁለት ሠራተኞች ጋር ለሱቆች፣ ለመድኃኒት ቤቶችና ለምግብ ቤቶች ታፔላ እየሠራ የሚተዳደር ነው። በእጁ ቁጥሮች የተጻፉበት፣ የተሰረዙበትና እንደገና የተጻፉበት ወረቀት ይዟል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «አባ፣ ስንት ብጠይቅ ኃጢአት አይሆንብኝም?» አለን።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው በቆምንበት መልስ ሰጥተን የምንሸኘው መስሎን ነበር። «ልጄ፣ አታታልል፣ አትዋሽ፣ የቀረውን ለኅሊናህ ተወው» ለማለት አፋችንን ከፍተን ነበር። ነገሩን ከመነሻው ሲያስረዳን ግን ይህ መልስ ለጥያቄው እንደማይበቃ ተረዳን። የእርሱ ችግር ኅሊና ማጣት አይደለም፤ ኅሊናው የሚመራበትን መለኪያ ማጣት ነው። ስለዚህ ወደ ቢሮ ገብተን ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ አኖርንና አብረን ማሰብ ጀመርን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከዚያ ውይይትና ከዚያ በኋላ ካደረግነው ማሰላሰል የተገኘ ነው። ታሪኩን እንድንጽፈው ወጣቱ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጠቅስም።

ሦስት ምክሮች

በከተማችን አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ተሠርቶ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ባለቤቱ ብዙ ዓመታት በአሜሪካ ሠርተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። በሆቴሉ ጣሪያ ላይ የሚቆም፣ 12 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ቁመት ያለው፣ ከውስጥ በመብራት የሚደምቅ ታፔላ ፈለጉ፤ ስፋቱ 36 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ወጣቱ እስከዚያ ቀን ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ከ4 ካሬ ሜትር አይበልጥም ነበር። ዋጋውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አንድ ሳምንት ተሰጠው።

በዚያ ሳምንት ሦስት ምክሮች መጡለት። የመጀመሪያውን የመከረው የራሱ ፍርሃት ነው፤ ሥራው እንዳያመልጠው ሰግቶ፣ ለትንሽ ታፔላ በካሬ ሜትር የሚያስከፍለውን 7,000 ብር በ36 አባዝቶ 252,000 ብር ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውን የመከረው ጓደኛው ነው። «ሰውየው ዶላር አላቸው፤ የአገሩንም ዋጋ አያውቁም። 1,200,000 በላቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለው። ሦስተኛውን ምክር ያመጣው በግዢው ሥራ ከተሰማሩት ሰዎች አንዱ ነው፤ እርሱም «በፕሮፎርማው ላይ 50,000 ብር ጨምረህ ጻፍ፤ ጭማሪው የእኔ ነው፤ ሥራው ለአንተ እንዲሰጥ አደርጋለሁ» አለው።

ሦስቱም ምክሮች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። አንዳቸውም ሥራው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ አልመረመሩም። የመጀመሪያው የሠሪውን ፍርሃት፣ ሁለተኛው የገዢውን ኪስ፣ ሦስተኛው የመካከለኛውን ሰው ስስት ይመለከታል። ፍትሕ የሚጀምረው ግን ዓይንን ከእነዚህ አንሥቶ ወደ ሥራው ከመመለስ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ስለ ዋጋ ያስተማሩት

ስለ ፍትሐዊ ዋጋ የተነሣው ጥያቄ የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ አምስተኛ ክፍል፣ ቤት ሠሪና ጫማ ሠሪ የእጃቸውን ሥራ ሲለዋወጡ በምን መለኪያ እኩል እንደሚሆኑ ጠይቋል። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ቶማስ አኲናስም ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር ይህንኑ ጥያቄ ወርሶ አስፋፍቶታል።

ከቅዱስ ቶማስ ትምህርት ሦስት ነጥቦችን ብቻ እናንሣ። አንደኛ፣ መሸጥና መግዛት ለሁለቱም ወገን ጥቅም የተመሠረተ ስለሆነ አንዱን ከሌላው ይልቅ የሚጫን ሊሆን አይገባም። ሁለተኛ፣ ፍትሐዊ ዋጋ በግምት የሚደረስበት እንጂ እንደ መርፌ ጫፍ አንዲት ነጥብ አይደለም፤ ስለዚህ ጥቂት መጨመር ወይም ጥቂት መቀነስ እኩልነቱን አያፈርስም። ሦስተኛ፣ ለራስና ለቤተሰብ መኖሪያ ወይም ችግረኛን ለመርዳት የታሰበ ልከኛ ትርፍ የተፈቀደ ነው። ከእርሱ በኋላ፣ በተለይም በ16ኛው መቶ ዓመት የተነሡ የነገረ መለኮት ሊቃውንት የፍትሐዊ ዋጋን ስፋት በሦስት ደረጃ ከፍለው ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለውታል። ከሦስቱ በየትኛውም የሸጠ ሰው አልበደለም።

የእነዚህን ደረጃዎች ወሰን ማን ይወስናል? የሊቃውንቱ የተለመደ መልስ «የሕዝብ የጋራ ግምት» የሚል ነው፤ ማለትም ማታለል በሌለበት ገበያ ብዙ ሻጮችና ብዙ ገዢዎች የተስማሙበት ዋጋ ነው። ጤፍ፣ በግ፣ ወይም የሱቅ ታፔላ ሲሆን ይህ መልስ ይበቃል። በገበያው ሦስት ቦታ ጠይቆ የማይደርስበት የለም።

የወጣቱ ጥያቄ የከበደው ግን እዚህ ላይ ነው። በከተማችን 36 ካሬ ሜትር የጣሪያ ታፔላ ከዚህ በፊት የሠራም ያሠራም የለም። ገበያ የለውም፤ የጋራ ግምትም የለውም። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሠራል፤ ገዢውም ለመጀመሪያ ጊዜ ይገዛሉ። የሕዝብ ግምት ዝም በሚልበት ቦታ ኅሊና ምን ይያዝ? በእኛ አስተያየት የሚቀረው መለኪያ አንድ ነው፤ እርሱም የእውነተኛ ሒሳብ ነው። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር በምሳሌ ሲናገር (ሉቃ. 14፡28) ዋና ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ቢሆንም፣ ምሳሌው የቆመው በእያንዳንዱ ብልህ ሠራተኛ ልማድ ላይ ነው። ሳይቆጥር የተናገረ ሰው፣ ዋጋው ዝቅ ቢልም ከፍ ቢልም፣ እውነት አልተናገረም።

ትልቅ ሥራ የትንሽ ሥራ ብዜት አይደለም

ስለዚህ ከወጣቱ ጋር መቁጠር ጀመርን። እኛ የብረትና የመብራት ነገር አናውቅም፤ እርሱ እየተናገረ እኛ ጻፍን።

በመጀመሪያ የተማርነው ትልቁን ሥራ በትንሹ ሥራ ዋጋ ማባዛት ስሕተት መሆኑን ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ታፔላ በአንድ ቀን በክፍሉ ውስጥ ተሠርቶ፣ በመሰላል ተወጥቶ፣ በአራት ብሎን በግድግዳ ላይ ይታሰራል። 36 ካሬ ሜትር ግን በክፍሉ አይገባም፤ ተቆራርጦ ተሠርቶ በጣሪያ ላይ ይገጣጠማል፤ ለማንሣትም ክሬን ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ነፋስ አለ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በደጋ አገር እንኳ በ2 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በ36 ካሬ ሜትር ላይ ግን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያንን የሚችል ቱቦላሬና ከጣሪያው ኮንክሪት ጋር የሚያስረው ብረት በትንሹ ታፔላ ሒሳብ ውስጥ ጨርሶ አልነበሩም።

ወጣቱ የቆጠረው እንዲህ ነው። ለቱቦላሬ፣ ለላሜራ፣ ለአክሬሊክ፣ ለኤል.ኢ.ዲ. መብራት፣ ለቀለምና ለብሎን 190,000 ብር፤ ለክሬንና ለመጓጓዣ 35,000፤ ራሱን ጨምሮ አምስት ሰዎች በቀን 600 ብር ሒሳብ ለ24 ቀን ሲሠሩ 72,000፤ ለመሐንዲስ ንድፍና ለከተማ ፈቃድ 18,000፤ ሥራው በሚቆይበት ጊዜ ለሚከፈለው ኪራይና ኤሌክትሪክ 15,000፤ ለሚበላሽ ዕቃ መጠባበቂያ ከጥሬ ዕቃው አንድ ዐሥረኛ፣ 19,000። ድምሩ 349,000 ብር ሆነ። ፍርሃቱ የመከረው 252,000 ብር ከወጪው እንኳ 97,000 ብር ይጎድለዋል።

ወጣቱ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «ይህን ሥራ በደስታ ተቀብዬ ሱቄን እዘጋ ነበር» አለ። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ስለ እንዲህ ያለው ነው። በእነዚያ 24 ቀናት የዘወትር ደንበኞቹ ወደ ሌላ እንደሚሄዱም አስቦ አያውቅም ነበር።

በሒሳቡ መካከል ሁለት የኅሊና ጥያቄዎች ተነሡ። ሥራው አዲስ የብየዳ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ሙሉ ዋጋውን በሆቴሉ ሒሳብ ላይ ማስገባት ይገባዋልን? መሣሪያው ከሥራው በኋላ ለዓመታት የእርሱ ሆኖ ስለሚቀር፣ ለዚህ ሥራ ያገለገለበትን ያህል ድርሻ እንጂ ሙሉውን ሊያስከፍል አይገባም አልን። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጊዜ ነበር። ልምድ ያለው ሰው በ20 ቀን የሚጨርሰውን እርሱ በ24 ቀን ቢጨርስስ? ሥራው በባሕርዩ የሚጠይቀው ጊዜ የገዢው ዕዳ ነው፤ ሠሪው እየተማረ የሚያጠፋው ጊዜ ግን የራሱ የትምህርት ክፍያ ነው። ወጣቱም ራሱ ይህን ተቀብሎ፣ የ24ቱ ቀን ሥራው የሚጠይቀው መሆኑን ለማረጋገጥ በሌላ ከተማ ያለ አንድ ነባር ባለሙያ ጠየቀ፤ ትክክል ነው የሚል መልስም አገኘ።

ዋጋን ዝቅ ማድረግም በደል ይሆናል

ብዙዎቻችን በዋጋ ላይ የሚሠራ ኃጢአት ማስወደድ ብቻ ይመስለናል። በርካሽ የሚሠራውን «ደግ ሰው» እንለዋለን። ከራሱ ትርፍ ቀንሶ ለድኻ የሚሰጥ በእርግጥ ደግ ነው። ነገር ግን ወጪውን ሳይቆጥር ዋጋ የሰበረ ሰው የሚሰጠው ከራሱ አይደለም። ጉድለቱ አንድ ቦታ መሞላቱ አይቀርም።

ከየት ይሞላል? በመጀመሪያ ከሠራተኞቹ ደመወዝ። «ሥራው አላዋጣም፣ ታገሡኝ» ይባላሉ። ቀጥሎ ከብረቱ ውፍረት፤ ማንም አያየውምና ቀጭኑ ቱቦላሬ ይገዛል፤ ስምንት መሆን ያለበት ብሎን አራት ይሆናል። በመጨረሻም በሥራው መካከል ቀብድ በልቶ መጥፋት ይመጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ የሚያዝዘው በከንቱ አይደለም።

በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል (ዘዳ. 22፡8)። ይህ ትእዛዝ ስለ ጣሪያና ስለ ወጪ ነው፤ መከታው ገንዘብ ያስወጣልና። ከሆቴሉ በታች ሊስትሮዎች ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ እናቶች ቆሎ ይሸጣሉ። እነርሱ የውሉ ወገኖች አይደሉም፤ በፕሮፎርማው ላይም ስማቸው የለም። ሆኖም በርካሽ ዋጋ የተነሣ ለሚመጣው አደጋ መጀመሪያ የሚጋለጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ተገቢውን ዋጋ መጠየቅ አንዳንድ ጊዜ የስስት ሳይሆን የባልንጀራ ፍቅር ሥራ ነው።

የሌላው አለማወቅ የእኛ ሸቀጥ አይደለም

ወደ ጓደኛው ምክር እንመለስ። «ሰውየው ካላቸውና ከተስማሙ ማን ተበደለ?» ይላል። ይህ ክርክር በዘመናችን ብዙ ሰው ያሸንፋል።

ቅዱስ ቶማስ ለዚህ የሰጠው ልዩነት ዛሬም ብርሃን ይሰጣል። ሻጭ በመሸጡ ወይም በመሥራቱ የተለየ ጉዳት የሚደርስበት ከሆነ፣ ያንን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ሊቆጥር ይችላል። ገዢው ከዕቃው ትልቅ ጥቅም ያገኛል ብሎ ግን ዋጋ ሊጨምር አይገባውም፤ ያ ጥቅም ከገዢው ሁኔታ የመጣ እንጂ ሻጩ የሰጠው አይደለምና። በአጭሩ ስናስቀምጠው፣ የራሳችንን ድካምና ኪሳራ ልንሸጥ እንችላለን፤ የሌላውን ችግር፣ ችኮላ ወይም አለማወቅ ግን የእኛ ስላልሆነ ልንሸጠው አንችልም።

ይህንን ልዩነት በወጣቱ ሥራ ላይ ብንተረጉመው፣ የጣሪያው ከፍታ፣ የብልሽቱ ሥጋት፣ የሚያመልጡት ደንበኞች የእርሱ ናቸውና ይቆጠራሉ። የሰውየው ዶላርና ከአገር ርቀው የኖሩበት ዘመን ግን የእርሱ አይደሉምና አይቆጠሩም። ብዙ ወገኖቻችን በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ደክመው ያገኙትን ይዘው ሲመለሱ፣ ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ለእነርሱ ብቻ የተቆረጠ ዋጋ ይጠብቃቸዋል። ይህ እንግዳ አቀባበል ሳይሆን ወንድምን መዝረፍ ነው።

«ተስማምተዋል» የሚለውስ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ ባስተላለፉት መልእክት፣ የነጻ ስምምነት መኖር ብቻውን ደመወዝን ፍትሐዊ እንደማያደርገው አስተምረዋል። ከስምምነት በላይ የሆነ የተፈጥሮ ፍትሕ አለና። በዋጋም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ (ቁ. 2409) የሌላውን አለማወቅ ወይም ችግር መሣሪያ አድርጎ ዋጋ ማስወደድን ከስርቆት ዓይነቶች ጋር ይቆጥረዋል። የአገራችን ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1710 ችግሩን፣ የዋህነቱን ወይም ጎልቶ የሚታይ የሥራ ልምድ ማነሱን በመጠቀም ሰውን ያስፈረሙት ጎጂ ውል፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል።

ስለ ሦስተኛው ምክር ብዙ ማለት አያሻም። በፕሮፎርማ ላይ የተደበቀ 50,000 ብር ከባለቤቱ ኪስ በሐሰተኛ ቃል የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ያው የትምህርተ ክርስቶስ አንቀጽ የክፍያ ሰነድ ማጭበርበርን ከስርቆት ጋር ይቆጥራል። ወጣቱ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ቃል አውጥቶ አልጨረሰውም፤ ራሱ ዝም አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለወጣቱ የሰጠነው ምክር ይህ ነበር። ዋጋህን ስትወስን ወረቀትህን በሁለት ሰዎች ፊት ጮኽ ብለህ የምታነብበው አድርገህ አስብ። አንደኛው ገዢው ናቸው፤ ሁለተኛው ከሠራተኞችህ ታናሹ ነው። በገዢው ፊት የምታፍርበት ቁጥር ካለ አስወድደሃል። በሠራተኛህ ፊት የምታፍርበት ቁጥር ካለ አርክሰሃል። በሁለቱም ፊት ሳታፍር የምታነብበው ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ትክክል የሆነ ቁጥር እንድታገኝ እግዚአብሔር አይጠይቅህም።

ይህን ስንል ነጋዴ ሁሉ የትርፉን መጠን በአደባባይ የመግለጽ ግዴታ አለበት ማለታችን አይደለም። ፈተናው የውስጥ ነው። ሆኖም ሥራው እንደዚህ ገበያ የሌለው ሲሆን፣ ዝርዝሩን ለገዢው ማሳየት የጋራ ግምት የጎደለውን ቦታ ይሞላል፤ ሁለቱ ሰዎች የራሳቸውን ትንሽ ገበያ በእውነት ላይ ይመሠርታሉ። ዋጋው የሚጸናበትን ቀንም መጻፍ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ሰው ዛሬ የሰጠው ዋጋ ከወር በኋላ ላይሆን እንደሚችል ሁሉም ተምሯል።

ወጣቱ ከወጪው ላይ 20 በመቶ ትርፍ ጨምሮ 418,800 ብር ጻፈ፤ ይህም ትርፉን ከጠቅላላ ዋጋው አንድ ስድስተኛ ያደርገዋል። በዚያ ውስጥ የአንድ ዓመት ጥገና ቃል ገባ። 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ድርሻ በመሆኑ ለብቻው ተጻፈ። ግማሹ ክፍያ አስቀድሞ እንዲሰጠውና ዋጋው ለ15 ቀን እንደሚጸና አመለከተ።

ውጤቱስ? ተአምር አልሆነም። ሌላ ሠሪ በ300,000 ብር አቀረበ። ባለቤቱ ወጣቱን ጠርተው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ጠየቁት፤ እርሱም ዝርዝሩን አሳይቶ ጣቱን በማሰሪያው ብረት፣ በመሐንዲሱ ንድፍና በክሬኑ ላይ አኖረ። ከዐሥር ቀን ዝምታ በኋላ 36 ካሬ ሜትሩ እንደሚበዛባቸው፣ ማሰሪያው ሳይቀነስ 24 ካሬ ሜትር እንዲሠራላቸው ነገሩት። ሥራው ባያገኝ ኖሮም ምክራችን ያው በሆነ ነበር፤ ጽድቅ ሁልጊዜ ጨረታ አያሸንፍምና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሰባተኛውን ትእዛዝ ስታስተምሩ በኪስ አውላቂ ምሳሌ ብቻ እንዳትወሰኑ እንለምናችኋለን። ከተማሪዎቻችሁ መካከል ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ፣ አናጺ፣ የባጃጅ ሹፌር አለ። እያንዳንዱ የመጨረሻ ሥራውን ወጪ በወረቀት እንዲቆጥርና ማን እንደተጎዳ ራሱን እንዲጠይቅ አድርጉ።

የእኛም ዕዳ

ጽሑፋችንን እዚህ ላይ መዝጋት በወደድን ነበር፤ ነገር ግን ያ ወረቀት አንድ ነገር ስላሳየን ዝም ማለት አልቻልንም።

ቁምስናችን የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩውን ባከበረበት ጊዜ በግቢው በር ላይ የተሰቀለውን ታፔላ የሠራው ይኸው ወጣት ነው። 20,000 ብር ጠይቆን ነበር። እኛም «ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ በረከት ታገኝበታለህ» ብለን በ12,000 ጨረስነው። በበዓሉም ዕለት በሕዝብ ፊት አመሰገንነው፤ ሕዝቡም እልል አለ።

በዚያ እሑድ የሆቴሉን ሒሳብ አብረን ስንቆጥር፣ የእኛ ታፔላ ስንት እንዳስወጣው ጠየቅነው። አንገቱን ደፋ። ደጋግመን ስንጠይቀው፣ ጥሬ ዕቃው ብቻ 11,000 ብር እንደነበረ፣ ሁለቱ ሠራተኞች ሦስት ቀን እንደሠሩና የእነርሱን 3,600 ብር ከቤቱ አውጥቶ እንደከፈለ ነገረን። ለራሱ ምንም አልቀረውም፤ እንዲያውም ከፍሎ ሠራልን። ነቢዩ ኤርምያስ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ እያሠራ ቤቱን የሚያንጸውን ሰው ወዮ ሲለው (ኤር. 22፡13)፣ ቤቱ ቤተ መቅደስ ከሆነ ይቅር ይባላል አላለም። እኛ በረከትን ለራሳችን አለመክፈል ሽፋን አድርገነው ነበር። ወጣቱ በትልቁ ሥራ ፊት ዋጋውን ለመጥራት የፈራው ከማን ተምሮ እንደሆነም ያን ጊዜ ገባን፤ ተገቢ ዋጋ መጠየቅ ነውር መሆኑን ካስተማሩት መካከል እኛም ነበርን።

ጉዳዩን ለቁምስናው ምክር ቤት አቅርበን የቀረው 8,000 ብር እንዲከፈለው ተወሰነ። ገንዘቡን ስንሰጠው፣ «ኧረ አባ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያደረግሁት ነው፤ አልቀበልም» ብሎ እጁን ሰበሰበ። «ልጄ፣ ይህ ስጦታ አይደለም። ስጦታ ቢሆን አንተ ትሰጠን ነበር። ይህ ዕዳ ነው» አልነው። ተቀበለን። ከበሩ ሲወጣም ቀና ብሎ ታፔላውን አየው፤ አንደኛው ብሎን ዝጎ ነበርና በማግስቱ መጥቶ ቀየረው። ሒሳቡን ጠየቅነው፤ «35 ብር» አለን። ከፈልነው።